ፓምፑን የምታስረው ልጅቷ ናት



ባለፈው ሳምንት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። ዓይነት 1 የስኳር ህመም ከተገኘባት 4 ዓመት ሆኗታል። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቷ የኢንሱሊን ፓምፕ ልትልክላት ነው። እናት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት "ዶክተር፣ ልጄ ከመርፌ ልትገላገል ነው!" አለችኝ። ልጅቷ ግን ስልኳን እየነካካች ዝም። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብዬ ብጠይቃት አሁንም እናቷ ናት የመለሰችልኝ።

እናትን ይቅርታ ጠይቄ ትንሽ ውጪ እንድትጠብቀን አደረግኩ። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ዶክተር፣ ትምህርት ቤት ማንም አያውቅብኝም። ሽንት ቤት ገብቼ ተወግቼ እወጣለሁ። ያ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሆዴ ላይ ነው የሚውለው።"

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህች ንግግር ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ፣ ፓምፕ ከመርፌ አያገላግልም። የሞባይል ስልክ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ መሣሪያ ነው። በቀጭን ቱቦ ወይም በቀጥታ ቆዳ ላይ ተለጥፎ፣ ፈጣን ኢንሱሊን ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረገ ይሰጣል። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ለምግቡ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ መጠን ባለቤቱ አዝዞ ያስገባል። ቆዳ ስር የሚገባው ቱቦ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ በመርፌ ይቀየራል። በ3 ቀን አንዴ ብንል እንኳ በዓመት ወደ 122 ጊዜ ነው። በቀን 4 ጊዜ ለሚወጋ ሰው በዓመት 1,460 መርፌ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ዜሮ አይደለም።

ጥቅሙ ከመርፌ ቁጥሩም በላይ ነው። በጉርምስና ዕድሜ የእድገት ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ይቃወማሉ፤ ብዙ ልጆች ማታ ደህና ተኝተው ንጋት ላይ ስኳራቸው ሽቅብ ይወጣል። ማታ የተወጋ ኤንፒኤች (ያ ደፍረስ የሚለው ኢንሱሊን) እኩለ ሌሊት ላይ ይበረታና ንጋት ላይ ይደክማል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ፓምፕ ሌሊት ቀነስ፣ ወደ ንጋት ጨመር እንዲያደርግ ይታዘዛል። ለስፖርት ክፍለ ጊዜም መጠኑን መቀነስ ይቻላል። ከስኳር መለኪያ ሴንሰር ጋር የሚናበቡት አዳዲሶቹ ደግሞ ራሳቸው እያዩ ያስተካክላሉ። እነሱም ቢሆኑ ግን የበላችውን ካልነገረቻቸው አያውቁም። በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ከዚህም ከዚያም ጉርሻ እየመጣ፣ ስንት እንጀራ እንደተበላ መቁጠር ደግሞ ለአዋቂም ፈተና ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ።

መርፌ የሚወጋ ሰው ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት የሚቆይ ኢንሱሊን አለ። ፓምፕ ያሰረ ሰው ግን ያለው ፈጣኑ ብቻ ነው። ቱቦው ቢታጠፍ፣ ቢነቀል፣ ባትሪ ቢያልቅ ስኳሩ ወዲያው መውጣት ይጀምራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደም በኬቶን አሲድ ወደ መመረዝ ሊደርስ ይችላል። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ።

ከዓመታት በፊት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነበረኝ። ፓምፕ ከውጭ ሲመጣለት ከቤተሰቡ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። "ዘመናዊ ነው፣ ዕድለኛ ነህ" እያልኩ አግባባሁት። አንድም ቀን "ትፈልጋለህ ወይ?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ልጁ ጓደኞቹ እንዳያዩበት ኳስ ሊጫወት ሲል ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ይከተው ነበር። አንድ ቀን መልሶ ሳያስረው አመሸ። እናቱ የድሮውን ኢንሱሊን "ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል" ብላ ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ንጋት ላይ ሲያስታውክ ጨጓራ ነው ተባለ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ መነጋገር አይችልም ነበር። ተርፏል፣ ተመስገን። ከዳነ በኋላ "ዶክተር፣ እኔ እኮ መጀመሪያም አልፈለግኩትም" አለኝ። ለዚያ መልስ አልነበረኝም። ፓምፑን ተወው፣ በመርፌ ቀጠለ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከ13 እና 14 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ካልፈለገ ፓምፕ አይታሰርበትም። እናት ብታለቅስም፣ አክስት ገንዘብ አውጥታ ብትገዛም። ከልጁ ጋር ትምህርት ቤት የምትውለው እናት አይደለችም። መርፌም "የድሃ ሕክምና" አይደለም። በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት ይህ ህመም ለልጅ የሞት ፍርድ ነበር። በትክክል የተወሰደ መርፌ ዛሬም ሙሉ ሕክምና ነው።

ልጅቷ ከፈለገችስ? ከፈለገች ደግሞ እናትን የምጠይቃት ሌላ ነው። መሣሪያው አንዴ ይመጣል፤ ቱቦው፣ የኢንሱሊን መያዣው፣ ማጣበቂያው ግን በየ3 ቀኑ ያልቃል። በሰው ሻንጣ የሚመጣ ነገር ላይ የልጅ ሕይወት ሲንጠለጠል ሻንጣው ቢዘገይስ? ቢያንስ የ6 ወር ዕቃ ቤት ውስጥ ሳይገባ አልጀምርም። ፈጣኑ ኢንሱሊን ሳይቋረጥ የሚገኝበት ቦታ መታወቅ አለበት፤ ኤንፒኤች ፓምፕ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊንና ሲሪንጅ ከነመጠኑ ተጽፎ ፍሪጅ ውስጥ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ለጎረቤት አይሰጥም! አክስት የምትልከው ሌላ ሰው የተጠቀመበት ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው መጠን የዚያ ሰው ነው። ሳይጠፋና በሐኪም እንደገና ሳይሞላ ማሰር ልጅን መግደል ነው።

ብትጠይቁኝ፣ ያንኑ ገንዘብ መጀመሪያ ለመለኪያው አውጡት እላለሁ። በቀን አንዴ ብቻ የምትለካ ልጅ ፓምፕ ብታስር ጨለማ ውስጥ መኪና እንደመንዳት ነው። በቂ ስትሪፕ ወይም ሴንሰር ይኑራት፣ ቁጥሯን ትወቅ፣ ከዚያ ስለ ፓምፕ እናውራ።

ለልጅቷ ያልኳት ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩላት፦ ፓምፕ ብታስሪም ባታስሪም አንዲት ጓደኛሽ ማወቅ አለባት። ስኳርሽ ወርዶ ስትንቀጠቀጪ ጁስ የሚያቀብልሽ ሰው ያስፈልጋል። አሰበችና "አንዷ ትሆናለች" አለች። ስለ ፓምፑ ገና አልወሰነችም፤ በሚቀጥለው ወር ተቀጣጥረናል። እናቷ ኮሪደር ላይ "እንግዲህ ዶክተር፣ ለእህቴ ምን ልበላት?" ስትለኝ "ለጊዜው ስትሪፕ ትላክ" አልኳት። ትንሽ ተቀይማኛለች መሰለኝ።

በኢንቦክስ "ለልጄ ፓምፕ መጥቶልኛል፣ ስንት ላድርገው?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ወላጆች፦ መጠን በኢንቦክስ አልሰጥም። ልጁንና የ2 ሳምንት የስኳር መዝገቡን ይዛችሁ ወደሚከታተለው ሐኪም ሂዱ። እስከዚያ መርፌውን እንዳታቋርጡ።