ልጆቻችንን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አናሳድግ

በምኖርበት በሜሪላንድ ክርስትና ላይም ሆነ ልደት ላይ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንድ ወሬ አይቀርም። «እኛ ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ነው የምናወራው፤ ትምህርት ቤት ሲገባ እንዳይቸገር ብለን ነው» ይላል አንዱ። ሌላው በመስማማት ራሱን ይነቀንቃል። ትንሽ ቆይቶ ልጁ የሆነ ነገር ሊነካ ሲል «ኖ! ካም ሂር! ስቶፕ ኢት!» ይባላል፤ ከዚያ አይፓዱ ይሰጠዋል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል።

በማኅበረሰባችን ውስጥ በቅን ልቦና ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ስለ ባህልና ስለ ማንነት ልሰብክ አይደለም የተነሳሁት፤ እሱን ብዙዎች ጽፈውበታል። የእኔ ጉዳይ የልጁ ጭንቅላት ነው። ልጅ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ማሰብን፣ ማስታወስን፣ መጠየቅን የሚለምደው በምን መንገድ እንደሆነ ከገባን፣ ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ እናውራ የሚለው ጥያቄ ያን ያህል የሚያከራክር አይሆንም።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት እድገት ማዕከል እንደሚለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሕፃን አእምሮ ውስጥ በየሴኮንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። ግንኙነቶቹ የሚጠነክሩት ግን ሲሠራባቸው ነው። እንዴት እንደሚሠራባቸው ለማስረዳት ማዕከሉ የሚጠቀመው ምሳሌ ኳስ መቀባበልን ነው። የስምንት ወር ሕፃን ጣቱን ወደ መብራቱ ቀስሮ «አ!» ይላል። ኳሷን ወረወረ ማለት ነው። እናቱ «አዎ፣ መብራት! በራ አይደል? ላጥፋው እንዴ?» ካለችው መለሰችለት። እሱ ደግሞ ይስቃል፣ እንደገና ይጠቁማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ዓይኗ ስልኳ ላይ ከሆነ ኳሷ መሬት ላይ ትቀራለች። አንዳንዴ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ችግሩ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲሆን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች የወጣ አንድ ጥናት ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ተከታትሎ ነበር። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ሁሉ በመቅረጫ ተቀረጸ፤ ከዚያም ልጆቹ ታሪክ እያዳመጡ አእምሯቸው በኤም አር አይ ታየ። ከቋንቋ ጋር የተያያዘው የአእምሮ ክፍል ጎላ ብሎ ሲሠራ የታየው ቤታቸው ውስጥ ከአዋቂ ጋር ተራ በተራ ብዙ በሚነጋገሩት ልጆች ላይ ነው። ዝም ብሎ የሚሰሙት የቃላት ብዛት ይህን አላመጣም። የወላጆቹ ገቢና የትምህርት ደረጃ ሲነጻጸርም ውጤቱ ያው ሆነ። ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት የሚያድረው አባት ለልጁ ሊሰጠው የሚችለው ነገር ከሐኪሙ አባት አያንስም ማለት ነው። (እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሳስ ውስጥ 42 ቤተሰቦችን ይዞ የተሠራው ሌላው ታዋቂ ጥናት የድሃና የሀብታም ልጆች እስከ ሦስት ዓመታቸው በሚሰሙት ቃል በ30 ሚሊዮን ይለያያሉ ብሎ ነበር። ቁጥሩን ብዙዎች ተችተውታል፤ እኔም ቃል ቆጠራው ብዙም አይማርከኝም። ቃል ማዝነቡንማ ሬዲዮም ያዘንበዋል።)

እንግዲህ ኳስ ለመቀባበል እጅ መፍታት አለበት። ብዙዎቻችን ያለን እንግሊዝኛ የሥራ እንግሊዝኛ ነው። ከአለቃ፣ ከደንበኛ፣ ከባንክ ጋር በደንብ ያግባባናል። ጥላ ለምን እንደሚከተለን፣ ጨረቃ ከመኪናችን ጋር አብራ የምትሄድ የሚመስለው ለምን እንደሆነ፣ ጅቡ ለምን አህያዋን እንዳታለላት ለሦስት ዓመት ልጅ ለማስረዳት ግን ያጥረናል። ስለዚህ ምን እንላለን? ና፣ ቁጭ በል፣ ብላ፣ ተኛ፣ ተው። እንግሊዝኛችን ለልጅ ሲሆን ትዕዛዝ ብቻ ይሆናል፤ ትዕዛዝ ደግሞ መልስ አይፈልግም። ያቺው እናት በአማርኛ ብትሆን «እስቲ ና፣ ይሄን ሽንኩርት ላሳይህ። አየህ እንዴት እንዳስለቀሰኝ? አንተንስ ያስለቅስህ ይሆን? ራቅ ብለህ አሽትተው እስቲ» ትላለች። እዚህ ውስጥ ምክንያትና ውጤት አለ፣ መገመት አለ፣ መሞከር አለ። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው። እናትየዋም ሽንኩርቱም አልተቀየሩም።

አማርኛ ስል የየራሳችሁን ቋንቋ ማለቴ ነው፤ በትግርኛም በአፋን ኦሮሞም በጉራጊኛም ያው ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገና እንግሊዝኛው ከአማርኛው የሚበልጥ ወላጅም በእንግሊዝኛ ቢያወራ ምንም አይጎድልበትም።

«ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል፣ አፉን ለመፍታት ያዘገየዋል» የሚለው ስጋት ግን እስካሁን አልሞተም። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ ሁለት ቋንቋ የንግግር መዘግየት አያመጣም ነው የሚለው። ልጁ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ «ዋተር ስጪኝ» ቢል አልተደናገረም፤ ያለውን ቃል ሁሉ መጠቀሙ ነው። ቃላቱን መቁጠር ካስፈለገ ደግሞ የሁለቱም ቋንቋ አንድ ላይ ነው የሚቆጠረው። እንግሊዝኛውን ከዴይኬር፣ ከመጫወቻ ሜዳ፣ ከትምህርት ቤት ያመጣዋል፤ እኛ ብንከለክለው እንኳ ያመጣዋል። በሌላ በኩል «ሁለት ቋንቋ የሚናገር ልጅ የበለጠ ብልህ ይሆናል» እየተባለ የሚወራውን አላራግበውም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እየተከራከሩበት ነው፤ ደግሞም አያስፈልገንም።

«ታዲያ ጊዜው የታለ?» ትሉኛላችሁ። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ ኡበር ነድቶ ሌሊት የሚገባ ሰው፣ ልጁን ሲያየው ወይ ተኝቶ ነው ወይ ሊተኛ ሲል። እውነት ነው። ግን ለዚህ የተለየ ሰዓት አይጠየቅም። ገላ ሲታጠብ፣ ካልሲ ሲያጣምር፣ መኪና ውስጥ ከኋላ ታስሮ ሲቀመጥ ያለው ጊዜ ነው። እንጀራ ሲወጣ ስንት እንደሆነ ይቁጠር፤ ለአምስት ሰው አምስት ሳህን ያቅርብና አንድ ሲጎድል ራሱ ይድረስበት። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ተራውን ይያዝ፤ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ መጨረሻ የሚባለውን የሚማረው እዚያው ነው። ማታ «ዛሬ ምን አደረግን?» ብሎ መጠየቅ ትዝታውን በቅደም ተከተል እንዲደረድር ያስገድደዋል። ጠይቃችሁ ዝም በሉ ታዲያ። አምስት ሴኮንድ፣ አስር ሴኮንድ። ትንሽ ልጅ መልሱን ሲፈልግ ጊዜ ይወስዳል፤ እኛ ደግሞ ቸኩለን ራሳችን እንመልስለታለን።

እንቆቅልሽም አለልን። «ምን አውቅልህ» ከሚለው ጀምሮ ተራ መጠበቅ አለ፤ መልሱ ሲጠፋ አገር መስጠቱም መሸነፍን በሳቅ ያስለምዳል። የድሮው ካልመጣላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ካለው ዕቃ ፍጠሩ። ሲከፈት ይነቃል፣ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሆዱ ሁልጊዜ ብርድ ነው። ማቀዝቀዣ። አራት ዓመት የሆነው ልጅ አንዴ ከገባው ማታውን ሙሉ የራሱን እየፈጠረ ያስቸግራችኋል። ተውት ያስቸግር።

ከአገር ቤት የመጡት አያትስ? ብዙ ቤት ልጅ ጠባቂ ሆነው ይመጡና «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ ምን አስተምረዋለሁ» ብለው ቴሌቪዥኑን ይከፍቱለታል። እማማ፣ ቤቱ ውስጥ ካለነው ሁሉ ብዙ ተረት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ማንበብ ባይችሉም ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ገልጠው «ይሄ ልጅ ለምን አለቀሰ? አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ቢሉት ያ ማንበብ ነው። ዲሲ ለሚኖሩ ደግሞ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ከልደት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በፖስታ ቤቱ ድረስ በነፃ ይልካል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ወሬው በአማርኛ ይሁን።

ስለ ስክሪን ብዙ ስለተባለ አንድ ጥናት ብቻ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ፓትሪሺያ ኩል የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ለማንዳሪን ቋንቋ አስተዋወቀች። ግማሾቹ ፊት ለፊት ከሚያጫውታቸው ሰው ሰሙት፣ ግማሾቹ ያንኑ ሰው በቪዲዮ ወይም በድምፅ ብቻ። ከሰው የሰሙት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ከቪዲዮ የሰሙት ምንም አልተማሩም። ስለዚህ «ዩቲዩብ እንግሊዝኛ ያስተምርልኛል» ብለን ሕፃን አንስጥበት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሰለ ደህና ፕሮግራም እንኳ የሚጠቅመው ከፍ ላለው ልጅ፣ አብረነው ተቀምጠን ስናወራበት ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ18 ወር በታች ላለ ልጅ ስክሪን ይቅር ሲል ከዚህ ውጭ ያደረገው አንድ ነገር የቪዲዮ ጥሪን ነው፤ እዚያ ማዶ መልስ የሚሰጥ ሰው አለና። ይህን የምጽፈው በተለይ ሪያድና ቤሩት፣ ዱባይና ኩዌት ሆናችሁ ልጃችሁን ለእናታችሁ ትታችሁ ለምትሠሩ እህቶቼ ነው። ስትደውሉ «በላህ? ተማርክ? አያትህን እንዳታስቸግር» ብቻ ብላችሁ አትዝጉት። «የያዝከውን አሳየኝ እስቲ፣ ማነው የሰጠህ? ትናንት የነገርከኝ ጥጃ ደህና ናት?» በሉት። ትናንት የነገራችሁን ማስታወሳችሁን ሲያይ ለነገ ደግሞ የሚነግራችሁ ነገር ያጠራቅማል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ልጁ በ16 ወሩ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ቃል ካላለ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላጋጠመ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» እያላችሁ አትጠብቁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁም አትደብቁት። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይመረመራል። የሐኪም ወረቀት ሳያስፈልግ ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል፤ ሦስት ዓመት ካለፈው የሚደወለው ለትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት ነው። መጀመሪያ ጆሮው እንዲታይላችሁ ጠይቁ። ምርመራው በሚችለው ቋንቋ እንዲሆን፣ አስተርጓሚም እንዲመጣ ጠይቁ። «እንግሊዝኛ ብቻ አውሩለት» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።