ሲመሽ ልጅ ይዞ መውጣት

«ልጅ ከመሸ ከደጅ አይገኝ» የሚሉ ጎረቤቶቼ፥ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግር ይዤ በመሄዴ ወቀሱኝ። ብርዱም፥ ሌባውም፥ ጅቡ ሳይቀር ተቆጠረብኝ። የራሳቸው ልጆች ግን እስከ አራት ሰዓት ድረስ ከስልክ ላይ አፍጥጠው ያመሻሉ፤ ይህን ነውር የሚለው የለም። እውነት ነው፥ መኪናው ያስፈራል፤ እጃቸውንም የያዝሁት ስለዚሁ ነው።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ አውርዶት የነበረውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት፥ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውንም የዓድዋ ድል መታሰቢያ በመብራት አየን። ዶሮ ማነቂያን ግን በቃል ብቻ ነገርኋቸው፤ በዚያው ዓመት ፈርሷልና። ቆሞ ሳለ አለማሳየቴ የእኔ ጥፋት ነው።

ከአንድ ኬክ ቤት ደጃፍ ሶፍት የሚሸጥ ልጅ ቆሟል። ታናሹ ትኵር ብሎ አየውና «አባባ፥ ይህ ልጅ የቤት ሥራውን መቼ ይሠራል?» አለኝ።

እናንተ ወጣቶች፥ እኔ ይህን ጥያቄ በመምህርነቴ ዘመን አልጠየቅሁም። ደብተሩን ባዶ ይዞ የሚመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ሰነፍ ነው ብዬ ደጋግሜ ገረፍሁት። ማታ ማታ በዚሁ በፒያሳ ሎተሪ ሲያዞር እንደሚያመሽ የሰማሁት ትምህርቱን ከተወ በኋላ ነው። ቤቴ ከዚያ ሩቅ አልነበረም፤ ነገር ግን እኔም ከመሸ የማይወጣ ጨዋ ሰው ነበርሁ።

ወቃሾቼ እንግዲህ ይናገሩ። የፊታችን ቅዳሜ በለገሃር በኩል እንሄዳለን።