ስንት ጣርማ በር አለ?

እኛ የምናውቀው አንድ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ ያለበት። ኮምፒውተር ግን ብዙ ያውቃል። «ጣርማ በር» አንድ፣ «ጣርማበር» ሁለት፣ «ጠርማ በር» ሦስት። ከፊቱ ባዶ ቦታ የተረሳበት ደግሞ አራት።

የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው፤ ይህችን ለመረዳት ግን መሐንዲስ መሆን አያሻም። ዳታቤዝ ውስጥ «ሪፕሌስ» የምትባል ፈንክሽን አለች። ጽሑፉን፣ የሚወጣውንና የሚተካውን ትነግሯታላችሁ፤ «ሐ»ን በ«ሀ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ»፣ ክፍተቱን በምንም ትተካለች። ፖስትግሬስና ኦራክል ብዙ ፊደል በአንዴ የሚለውጥ «ትራንስሌት» አላቸው። ማይኤስኪውኤል ስለሌለው ሪፕሌስን በሪፕሌስ ላይ መደራረብ ነው። ዩኒኮድ እያንዳንዱን ሆሄ ለብቻ ስለሚቆጥር «ሐ»ን መለወጥ «ሑ»ን አይነካውም፤ ሞክሼዎቹን እስከ ሳብዕ መዘርዘር ግድ ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ተጽፎ ያለቀ ሥራ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፓተንት የተሰጠው «ሳውንዴክስ» ለኛ አይሆንም፤ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው።

ጠባችን ከፈንክሽኗ ጋር አይደለም፤ ከምትቀመጥበት ቦታ ጋር ነው። መዝገቡን ራሱን በሪፕሌስ «እናጽዳው» የሚሉ አሉ። እስቲ «ሠረቀ ብርሃን» የሚባል ሰው አስቡ። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው። በ«ሰ» ሲሆን ሌባ ነው! አባቱ ብርሃን ወጣ ብሎ የሰየመውን ልጅ ኮምፒውተሩ ብርሃን ሰራቂ አደረገው። ማን ፈቀደለት?

አይነካ ብሎ መተውም መፍትሔ አይደለም። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ከሦስቱ በአንዱ «ዐ» «አ» ከሆነች መታወቂያውና የትምህርት ማስረጃው የሁለት ሰዎች ይሆናሉ። ከዚያ ምስክር፣ ማመልከቻ፣ ምልልስ። የሚደክመው ባለስሙ እንጂ ፊደሉን ያሳተው ጸሐፊ አይደለም።

ስለዚህ ስሙ እንደተሰጠው በአንድ ዓምድ ይቀመጥ፤ የተስተካከለው ቅጂ በሌላ ዓምድ፣ ለፍለጋ ብቻ። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ፈንክሽን ይለፍ። የሚመሳሰሉት ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይምጡ፤ ሠረቀም ሰረቀም። የትኛው እንደሆነ በእናት ስምና በትውልድ ቀን ሠራተኛዋ ትለይ። «ጠ»ና «ጣ» ግን ሞክሼ ስላልሆኑ ፈንክሽኗ አታስታርቃቸውም፤ ለጠርማ በር ተለዋጭ አጻጻፉን በእጅ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል።