የሜጋ ነፋስ ምን ይሥራ?

ሙግት፦ በቦረናዋ ሜጋ አካባቢ አረንጓዴ ሃይድሮጂን ይመረት ወይስ አይመረት?

ይመረት ባዩ

ሜጋን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። ጸሐይዋም አትለግምም። ከድንበሩ ማዶ፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ ኬንያ 310 ሜጋዋት የንፋስ ኃይል ጣቢያ ተክላለች። የእኛው ነፋስ ግን እስከ ዛሬ ልብስ ከማድረቅ ያለፈ ሥራ አልተሰጠውም።

አሠራሩ ምሥጢር የለበትም። ኤሌክትሪክ በውኃ ውስጥ ሲያልፍ ውኃው ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይለያያል፤ ኤሌክትሪኩ ከነፋስ፣ ከጸሐይ ወይም ከግድብ ከመጣ ሃይድሮጂኑ አረንጓዴ ይባላል። በመርከብ ተጭኖ ወደ አውሮፓ ይሂድ አልልም። ጋዙን ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ያንን ይዞ ከሜጋ ወደብ ድረስ መጓዝ ቀልድ ነው። የምለው እዚሁ ከአየር ናይትሮጂን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ፣ አሞኒያውም ማዳበሪያ ይሁን ነው።

አዲስ ፈሊጥ አይምሰላችሁ። የግብፁ ኪማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 አስዋን ላይ ሥራ ሲጀምር ሃይድሮጂኑን ያገኝ የነበረው በዓባይ ኤሌክትሪክ ውኃ እየሰነጠቀ ነው። በዓባይ ጉልበት ማዳበሪያ መሥራት ከተጀመረ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ጀማሪዎቹ ግን እኛ አይደለንም። እኛ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ በዶላር ገዝተን በጅቡቲ እናስገባለን።

ውኃስ? በቀን አንድ ቶን አሞኒያ የሚሠራ አነስተኛ ፋብሪካ 180 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጂን ይፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን የሚሰነጠቀው ውኃ 9 ሊትር ነው፤ ማጣሪያና ማቀዝቀዣው ሲጨመር 20 ሊትር እንበል። በቀን 3,600 ሊትር ቢሆን ነው። አንድ የውኃ ቦቴ ከዚያ በላይ ይጭናል።

አይሁን ባይዋ

ወንድሜ ስሌቱን አልሳተም፤ ያሰላው ግን ለደህና ዓመት ነው። 3,600 ሊትር በእኛ ሂሳብ የመቶ ከብት የቀን መጠጥ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ከብቱ በሚሊዮን አለቀ፤ የሺዎች ከብት ባለቤት የነበረ ጎሳ ዱብሉቅ የተፈናቃዮች መጠለያ ገብቶ ስንዴ ተሰፈረለት።

ቦረና ውኃ የሚያጠጣው በሥርዓት ነው። በኤላው፣ ማለትም በጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ ላይ ተራ የሚቆጥር አባ ሄሬጋ አለ፤ ማን በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚያጠጣ የታወቀ ነው። ፋብሪካው ስንተኛ ይግባ? መጨረሻ ላይ ከተባለ በድርቅ ይቆማል። አስቀድሞ ይጠጣ ከተባለ ደግሞ ይህንን ለኤላው ሽማግሌዎች ሄዶ የሚነግረው ወንድሜ ራሱ ይሁን። ውኃው ብዙ ቦታ ጨዋማ መሆኑንም አይርሳ፤ የጨው ሐይቁ ኤል ሶድ እኮ ጎረቤታችን ነው። ተጣርቶ የሚቀረው ጨው የት ይደፋል?

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። አንድ ቶን አሞኒያ ማለት በግርድፉ 10 ሜጋዋት ሰዓት ነው። ይኸው ኤሌክትሪክ፣ ፓምፑ ግማሹን ቢያባክን እንኳ፣ ከ200 ሜትር ጥልቀት 9,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያወጣል። በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራ፣ ናፍጣው ሲጠፋም የሚቆም ጉድጓድ ባለበት አገር ነፋሱ መጀመሪያ የት መግባት እንዳለበት ምን ያከራክራል? ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ የተዘረጋው፣ 2,000 ሜጋዋት መሸከም የሚችለው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ቦረናን አቋርጦ ያልፋል። ቀጥተኛ ጅረት ስለሆነ መንገድ ላይ እንደ ልብ አይቀዳም። እኛ ምሰሶውን እናያለን።

አስዋንን ሲጠቅስ መጨረሻውን አልነገረንም። ኪማ ዛሬ የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። በዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ ሴብል ኬሚካልስ ለአርባ ዓመት ያህል በኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን ሲያወጣ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 አቆመ፤ ኤሌክትሪኩ ለሀገሩም አልበቃም፣ ለፋብሪካውም ተወደደ። ገበሬያችን የለመደው ደግሞ ዩሪያ ነው፤ ዩሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፣ ከነፋስና ከውኃ ብቻ አይሠራም። ዳንጎቴና የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የተፈራረሙት የጎዴ ፋብሪካ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ከካሉብ ጋዝ ሊያመርት ታስቧል። ከዚያ አጠገብ የወንድሜ አንድ ቶን ምን ትሆናለች?

ይመረት ባዩ

የጎዴው ከጋዝ ነው፤ ጋዝ ያልቃል፣ ጭስም አለው። ስለ ዩሪያው ግን እህቴ ልክ ናት፤ እኛ ልንሠራ የምንችለው አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት ነው።

9,000 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ኤሌክትሪክ መኖሩ ግን 9,000 ሜትር ኩብ ውኃ ከሥር አለ ማለት አይደለም። ጉድጓድ የሚሰጠው ልክ አለው። ፓምፖቹ ታንከሩን ሞልተው ሌሊት ሲቆሙ ነፋሱ አይቆምም። ያ ኃይል የት ይግባ? ሀገራችን ትርፍ ኤሌክትሪኳን ለቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች ስትሸጥ አይተናል፤ ከዚያ ማዳበሪያ አይሻልም? ደግሞ ኦክስጅኑን ማንም አላነሳውም። ከአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ጋር 8 ኪሎ ኦክስጅን ይወጣል፤ በቀን 1,400 ኪሎ ይሆናል። ተጣርቶ በሲሊንደር ቢሞላ ከያቤሎ እስከ ሞያሌ ላሉ ሆስፒታሎች ምን ማለት እንደሆነ የኮቪድን ጊዜ የሚያስታውስ ያውቀዋል። ጉድጓዶቹ ይቅደሙ፣ እሺ፤ ፋብሪካው በትርፉ ይሥራ፣ ድርቅ ሲመጣም ይቁም።

አይሁን ባይዋ

ኦክስጅኑን አልጠላም፤ ግን ኦክስጅን ከአየር ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ይተከላል፣ አንዲት ጠብታ ውኃም አይሰነጥቅም። አሞኒየም ናይትሬት ደግሞ ፈንጂ የሚሠራበት ነው፤ ከኬንያ ድንበር መቶ ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ መጋዘን ሙሉ አስቀምጦ ማን ሊጠብቀው ነው?

ዋናው ግን የመጨረሻዋ ቃሉ ናት። ቀን ለፓምፕ የሚለቅ፣ ድርቅ ሲመጣ የሚቆም ፋብሪካ የገዛበትን ዕዳ በምን ይከፍላል? ባንክ ዝናብ እስኪጥል አይጠብቅም። እንግዲያው ወንድሜ ያላትን በውሉ ላይ ያስፍርልኝ፤ በድርቅ ዓመት የፋብሪካው ውኃ እንደሚቋረጥ፣ ማቋረጡን የሚያዘውም አባ ሄሬጋው እንደሆነ። በዚህ ውል ላይ ገንዘብ የሚያበድር ከተገኘ እኔም እፈርማለሁ።