ስለ ፈሳሽ ናይትሮጅን አያያዝ

በቃሊቲ የሚዘጋጀው የኮርማ ዘር ወደ ቡራዩ፤ ወደ ሰበታና ወደ ሱሉልታ ላሞች የሚደርሰው፤ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ብርድ፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተጠብቆ ነው። ከብት የሚያረባው ይህ ብርድ ሰውንም ሊገድል እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም። አንዱ ሊትር ሲተን ወደ 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፤ በተዘጋ ቤት ወይም መኪና ያለውን ሰው ሳያስጠነቅቅ እስትንፋሱን ያሳጣዋል። ቤቱ ሳይናፈስ የወደቀውን ለማንሣት የሚገባም ይከተለዋል። የዕቃው አፍ ጠብቆ ቢደፈን ይፈነዳል፤ ፈሳሹም ዓይንና እጅን እንደ እሳት ያቃጥላል። ስለዚህ ዕቃውን ለማስገዛት የሚተጋ ሹም፤ አስቀድሞ ነፋስ የሚገባበት ቤት፤ የብርድ ጓንትና የፊት መከለያ ማዘጋጀት ይገባዋል። ጥጃ ለማግኘት ሲሉ ሰውን ማጣት ልማት አይባልምና።