ከማኅበር መውጣት፤ ለምንና እንዴት?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ሰው ደግሞ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል። የመጀመሪያው ተረት ኅብረትን ሲያመሰግን፣ ሁለተኛው የራስን ጉዳይ ማስቀደም እንደሚገባ ይመክራል። ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚህ ሁለት አነጋገሮች ፊት ለፊት የሚጋጠሙበትን አንድ ጉዳይ ላቅርብላችሁና ፍርዱን አብረን እንፈልግ።

በአሜሪካን አገር በየትምህርት ቤቱ የሚገኙት የወላጆችና የመምህራን ማኅበራት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት የብሔራዊው ማኅበር ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ፒ.ቲ.ኤ. በሚለው አጭር ስም ይታወቃል። ሁለተኛው ከማንም ጋር ያልተሳሰረ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተወሰነ ነጻ ማኅበር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ፒ.ቲ.ኦ. ይባላል። በቅርንጫፉ አባላት ከሚያዋጡት ገንዘብ ከፊሉ ለክፍለ ግዛቱና ለብሔራዊው ጽሕፈት ቤት ይላካል፤ በነጻው ማኅበር ግን ሁሉም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንዳንድ ቅርንጫፎች ከማዕከሉ ተለይተው ራሳቸውን ለመቻል ይመክራሉ። በዋሽንግተንና ባካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸውን በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉና፣ ጉዳዩ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

የመለየት ደጋፊዎች ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። «ወደ ማዕከል የሚሄደው ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍታችን ይውል ነበር፤ በምትኩ የምናገኘው ደረሰኝና መመሪያ ብቻ ነው» ይላሉ። ከዚህም በላይ ማዕከሉ በአባላቱ ስም የሚይዘው አቋም የእነርሱ ላይሆን ይችላል። ማንም ሰው ባላመነበት ነገር ስሙ ሊነሣ አይገባም።

ሆኖም ታሪኩን እንመልከት። ብሔራዊው ማኅበር በ1897 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ከተማ በአሊስ ማክሌላን በርኒና በፊቢ አፐርሰን ኸርስት መሪነት፣ የእናቶች ብሔራዊ ጉባኤ በሚል ስም ተመሠረተ። ከዚያም ሕፃናት በፋብሪካ እንዳይሠሩ፣ ተማሪዎች ምሳና ክትባት እንዲያገኙ ተከራከረ። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ቢጮኽ የሕግ አውጪዎችን ጆሮ ባላገኘ ነበር። ማኅበሩ ግን እንከን አልባ አልነበረም። ጥቁሮችና ነጮች በሕግ ተለያይተው በሚማሩባቸው ግዛቶች፣ ወላጆቹም በአንድ ማኅበር አይቀመጡም ነበር። ስለዚህ ሰሊና ስሎን በትለር የተባሉ የአትላንታ ነዋሪ በ1926 እ.ኤ.አ. የጥቁር ወላጆችንና መምህራንን ብሔራዊ ጉባኤ አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ እኒህ ሴት በሩ ሲዘጋባቸው «በየትምህርት ቤታችን ተበታትነን እንቅር» አላሉም፤ ሌላ ኅብረት ሠሩ እንጂ። ሁለቱ ማኅበራት የተዋሐዱት በ1970 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ ከዚህ የምማረው፣ ማዕከል ሲበድል መለየት ተገቢ መሆኑን፣ መዋጮን ለማትረፍ ብቻ መለየት ግን ኪሳራ መሆኑን ነው። በባለጸጎች ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ቢለይ ብዙም አይጎዳም፤ ከወላጆቹ መካከል አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ፣ ባለሥልጣን የሚያነጋግር ነጋዴ አይጠፋም። ጉዳቱ የሚደርሰው በድሆች ሰፈር ባለው ላይ ነው። ብርቱው ጓደኛው ጥሎት ሲሄድ ድምፁ ይሰልላልና።

መለየቱ ግድ ከሆነም ሥርዓት ይኑረው። ጥቂት የኮሚቴ አባላት በጓዳ ተነጋግረው ሊወስኑት አይገባም፤ አባላት ሁሉ አስቀድመው ተነግሯቸው፣ መተዳደሪያ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ድምፅ ይስጡ። የተለየ ማኅበር የብሔራዊውን ስም ይዞ ሊቀጥል አይችልም። በእጁ ያለው ገንዘብ ለማን እንደሚተርፍም ደንቡ አስቀድሞ ወስኖ ይሆናልና፣ ይህ ሳይጣራ አንድ ሳንቲም መነካት የለበትም። ከግብር ነጻ የመሆን መብቱንና የመድን ዋስትናውን ራሱ ያሟላል። ዓመታዊ መግለጫውንም ለግብር መሥሪያ ቤት ሳያቀርብ ሦስት ተከታታይ ዓመታት ቢያሳልፍ መብቱ በሕግ ይሰረዛል። እንግዲህ ነጻነት ማለት መዋጮን ማስቀረት ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ይሸከምልን የነበረውን ሸክም በራስ ጫንቃ መሸከም ነው።

ባገራችን ትምህርት ቤቶችም የወላጆች፣ የተማሪዎችና የመምህራን ኅብረት አለ። ነገ እናንተም የአንዱ አባል ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ «እንውጣ» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ቸኩላችሁ እጃችሁን አታውጡ። በመጀመሪያ «ምን እናተርፋለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎም «ማንን ትተን እንሄዳለን?» በሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሰው የመጀመሪያውን በትክክል አስልቷል ለማለት አልደፍርም።