ማኅበሩ የገበሬው ነው ወይስ የካድሬው?

«የኢትዮጵያ ገበሬ መተባበር አያውቅም» የሚል ካድሬም ሆነ ፈረንጅ ኤክስፐርት ካጋጠማችሁ ደቦን ጠይቅ በሉት። ወንፈልን ጠይቅ፤ እድሩን ጠይቅ በሉት። ገበሬያችን አዋጅ ሳይታወጅለት፣ ማኅተም ሳይመታለት፣ ከሌለው ላይ ቆጥቦ ገንዘቡን ለእድሩ ዳኛ በእምነት ይሰጣል። ለምን ቢሉ ዳኛውን የመረጠው ራሱ ነው፤ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል፤ የእድር ገንዘብ የበላ ሰው በመንደሩ ቀና ብሎ አይሄድም። ይኸው ገበሬ «ኅብረት ሥራ ማኅበር» የሚል ሰሌዳ ሲያይ ግን ይጠራጠራል። ያው ሰው፣ ያው መንደር! ታዲያ አመኔታው የት ገባ?

ነገሩ የቆየ ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው በግድ በውድ ወደ አምራቾች ማኅበር ተገፋ። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባለ ደረጃ ወጣለት። እህሉንም በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ምን አደረገ? በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹን የአምራቾች ማኅበራት በትኖ መሬቱን ተከፋፈለ። ከዚህ የበለጠ ሕዝበ ውሳኔ ከየት ይመጣል?

ኢሕአዴግ በተራው በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147ን አወጣ። ወረቀቱ ሸጋ ነው። አባልነት በፈቃድ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ፣ ሒሳብም በኦዲተር ይመርመር ይላል። ማዳበሪያው ግን በወረቀቱ መንገድ አልሄደም። ለማዳበሪያው ብድር ለባንክ ዋስ የሆነው ክልሉ ነበር፤ ገበሬው ካልከፈለ ዕዳው በክልሉ በጀት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹም ዕዳ ሰብሳቢ ሆነ። የማኅበሩ ሊቀመንበርም ዓይኑን ከአባላቱ አንስቶ ወደ ሹሙ አዞረ። ዝናብ ቀርቶ ሰብሉ ሲከስም ዕዳው አልከሰመም፤ በሬው የተሸጠበት፣ ራሱም የታሰረ ገበሬ ጥቂት አልነበረም።

ዕዳ መሰብሰቢያ የሆነው ማኅበር የፖለቲካ አለንጋ ለመሆን አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ተቃዋሚን የደገፉ ገበሬዎች ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር እንደሚከለከሉ ከሦስት ክልሎች የሰበሰበውን ምስክርነት አቀረበ። መንግሥት ካደ። የለጋሾቹ ቡድንም በሪፖርቱ መደምደሚያ እንደማይስማማ አስታወቀ። ገንዘቡም መፍሰሱን ቀጠለ!

ዛሬስ? የፓርቲው ስም ብልጽግና ሆነ፤ በ2009 ዓ.ም. አሮጌው አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። መንገዱ ግን ያው ነው። የመንግሥት ኮርፖሬሽን ማዳበሪያውን ከውጭ ገዝቶ በጅቡቲ ያስገባል፤ ዩኒየኑ ይረከባል፤ መሠረታዊ ማኅበሩ ያከፋፍላል፤ ማን ስንት እንደሚያገኝ ግን ቀበሌው እጁን ያስገባበታል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ገበሬዎች የዘር ወቅት እያለፈባቸው ማዳበሪያ አጣን ብለው ሰልፍ ወጡ። «የለም» የተባለው ማዳበሪያ በነጋዴ እጅ ከተተመነው ዋጋ እጅግ በላቀ ዋጋ ሲሸጥ ነበር። ከመጋዘኑ ማን አወጣው? ጆንያው እግር የለው!

«ፋብሪካ ሲሠራ ችግሩ ይቃለላል» ይሉናል። ያዩ ላይ በ2004 ዓ.ም. ለሜቴክ የተሰጠው የማዳበሪያ ፋብሪካ ቢሊዮኖች በልቶ አንድ ኩንታል ሳያመርት ቀረ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለጎዴ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ውል ከዳንጎቴ ጋር ተፈረመ። ይሠራ፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን ማከፋፈያው በር የካድሬው እስከሆነ ድረስ የጎዴውም ማዳበሪያ በዚያው በጓሮ በር ይወጣል።

ሁሉም ማኅበር ሌባ ነው አላልኩም። ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ ሸጠው ትርፉን ለአባላቱ የሚመልሱ ዩኒየኖች አሉ። የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት የያዙት ጉባኤ መጥራት፣ ሒሳብ ማሳየት ግዴታቸው ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ተጠሪነት ወደ ታች፣ ሒሳብ በአደባባይ።

ወገኖቼ፣ እኛም ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዱባይ ለትውልድ መንደራችን ልማት ገንዘብ ስናዋጣ ምርቃትና ፎቶግራፍ ተቀብለን ዝም እንላለን። ዝምታችን የሌባው ዋስ ነው። ከእንግዲህ ከመላካችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። የኦዲት ሪፖርቱ ለአባላቱ ተነቧል ወይ? ማን ስንት ኩንታል እንደወሰደ የሚያሳይ ዝርዝር በመጋዘኑ በር ላይ ተለጥፏል ወይ? ሊቀመንበሩን አባላቱ መሻር ይችላሉ ወይ? መልሱ «አይ» ከሆነ ኪሳችንን እንዝጋ፤ አፋችንን ግን እንክፈት።

ገበሬው ማኅበር አይጠላም። የጠላው በስሙ የተቋቋመ የሌላ ሰው ማኅበር ነው። እንደ እድሩ ሒሳቡ ይነበብለት፤ ያኔ አመኔታው ያለ ካድሬ ስብሰባ ይመለሳል።

ቸር ይግጠመን!